«መንፈሳዊ ቅናት» አለ ወይ? ስለ ቅናት፣ ቅንዓት እና ፓሽን ከአንባቢ ለመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። አብሮ አደጌ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታ እንኳን ደስ አለሽ ልንላት ሄደን ነበር፣ እኔም እንባዬ እስኪመጣ ደስ ብሎኝ አቀፍኳትና «መንፈሳዊ ቅናት ቀናሁብሽ እኮ!» አልኳት። አክስቴ አጠገባችን ቆማ ስለነበር ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ፣ «ቅናት ደሞ ምን መንፈሳዊ አለው፣ ቅናት ቅናት ነው፣ በሰው ምርቃት ላይ እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ከዛ ወዲህ ጓደኛዬም ምን ተሰምቷት ይሆን እያልኩ ነው። ግን ደሞ ሰባኪዎች «ለቤተ ክርስቲያን ቅንዓት ይኑራችሁ» ሲሉ እሰማለሁ። መንፈሳዊ ቅናት የሚባል ነገር በርግጥ አለ? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መንፈሳዊ ቅናት የሚባል ነገር አለ፣ ያውም ከጥንት የመጣ ነው፣ አንቺ ለጓደኛሽ የተሰማሽ ግን እሱ ሳይሆን ሌላ መልካም ስሜት ነው። አክስትሽም በከንቱ አልተቆጡም፣ ቃሉ ዛሬ ገበያ ላይና ሰፈር ውስጥ በሚነገርበት መንገድ ከሄድን የሳቸው ጆሮ የሰማው ትክክል ነው።

ከግዕዙ ልጀምርልሽ። ግሱ «ቀንአ» ነው፣ ስሙ «ቅንአት»። በግዕዝ ቅንአት አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ይሸከማል፣ አንዱ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የሰው ነገር ሲያይ ልብ የሚፋጅበት ቅናት ነው፣ ሌላው ደሞ ለሚወዱት ነገር መንደድ፣ ሲነካ አለመቻል፣ ለሱ እንቅልፍ ማጣት ነው። እናትሽ ወይም አያትሽ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ይቺን ያውቋታል፣ መዝሙር 68 ላይ (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 69 ነው) «እስመ ቅንአተ ቤትከ በልዐኒ» ትላለች፣ የቤትህ ቅንዓት በልቶኛልና ማለት ነው። እዚህ ጋ ማንም በማንም ቤት አልቀናም። ዳዊት የሚለው ለቤትህ ያለኝ ፍቅርና ንዴት ውስጤን ጨረሰው ነው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይም ጌታ ለዋጮቹንና ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ሲያስወጣ ደቀ መዛሙርቱ ያስታወሱት ይሄንኑ ቃል ነው።

ይሄ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። የዕብራይስጡ «ቂንኣ» ከኛው ቅንአት ጋር አንድ ሥር ነው፣ ቀ ነ አ፣ ሁለቱን ትርጉምም እንደኛው ይዟል። ኦሪት ዘፀአት ላይ እግዚአብሔር «ቀናተኛ አምላክ ነኝ» ሲል፣ ዘኍልቍ ላይ ፊንሐስ ስለ አምላኩ ቀና ሲባል፣ እዛው ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ላይ ደሞ ባል በሚስቱ ላይ የቅንዓት መንፈስ ሲመጣበት ሲባል ሁሉም ያው ቃል ነው። ዐረብኛ ላይ ከዚሁ ፊደል የሚወጣ ግስ አለ፣ ትርጉሙ በጣም መቅላት ነው፣ የድሮ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ሁለቱን አያይዘው ቅናት ማለት ደም ፊት ላይ ወጥቶ ፊት የሚያቀላው ስሜት ነው ብለዋል። እኔ ይሄን ማያያዝ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው በሚስቱ ሲቀናም ለታቦቱ ሲቀናም ፊቱ ላይ የሚታየው ያው ነው።

ግሪኩም እንዲሁ ነው፣ «ዜሎስ» ይላሉ ለሁለቱም። እንግሊዝኛው ከዚህ ከአንዱ ሥር ሁለት ቃል አወጣና ችግሩን ገላገለው፣ «ዚል» ለትጉህ ፍቅሩ፣ «ጄለሲ» ለክፉው። አዲስ ዓለም ሰፈር ሄደሽ ቁርኣን የቀሩ ሰዎችን ብትጠይቂም በዐረብኛ «ጘይራ» የሚባለው ቃል ሰው ለሚስቱም ለሃይማኖቱም የሚሰማው ነው፣ የሌላው ጸጋ እንዲጠፋ መመኘት ግን «ሐሰድ» ተብሎ ለብቻው ይኮነናል ይሉሻል።

አሁን ወደ አማርኛችን። በኛ ዘንድ የሆነው ምንድነው ብትይኝ፣ የቃሉ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀረ፣ ግማሹ ወደ መንደር ወጣ። መንደር የወጣው «ቅናት» ተብሎ ክፉውን ብቻ ይዞ ቀረ፣ «ቀናተኛ» ስትዪ ሰው የሚያስበው ሚስቱን ስልክ የሚፈትሽ ባል ነው። ቤተ ክርስቲያን የቀረው ደሞ «ቅንዓት» እና «ቀናኢ» ሆኖ ክብሩን ጠበቀ፣ ለሃይማኖቱ ቀናኢ፣ ላገሩ ቀናኢ፣ ቀናኢው ነቢይ ኤልያስ። አክስትሽና ሰባኪው የተለያየ ቃል የሚናገሩ የመሰለሽ ለዚህ ነው እንጂ ቃሉ አንድ ነው።

ሁለቱን የምትለዪበት መንገድ ልስጥሽ፣ እኔ ሁሌም የማየው ከግሱ ጋር የምትመጣውን ትንሿን ፊደል ነው፣ «በ» ናት ወይስ «ለ»? በጎረቤቱ ቀና፣ በወንድሟ ቀናች፣ ቀናሁብሽ፣ እነዚህ በ አለባቸው። ለሃይማኖቱ ቀና፣ ለድሃ ቀናች፣ ለአገሩ የቀና፣ እነዚህ ለ አለባቸው። በ ስትሆን ስሜቱ በሰውዬው ላይ ይወድቃል፣ ለ ስትሆን ስለሱ ይቆማል። (በሚስቱ ይቀናል የሚለውም በ ነው ያለው፣ ግን እዛ ሰውየው የሚፈራው የራሱን እንዳያጣ ነው፣ በጎረቤቱ የሚቀናው ደሞ የሌላ ሰው ያለውን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ በ ውስጥም ሁለት አይነት አለ።) ያልሽው «መንፈሳዊ ቅናት» የሚባለው ሐሳብ ጥንታዊ መሠረቱ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ላይ ነው፣ ጳውሎስ «በእግዚአብሔር ቅናት እቀናላችኋለሁና» ይላል። እይልኝ፣ እቀናላችኋለሁ ነው ያለው፣ እቀናባችኋለሁ አላለም! እንደ አባት ልጁን ለክፉ አሳልፎ ላለመስጠት መንገብገብ ነው። ይኸው ሐዋርያ መጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ 13 ላይ «ፍቅር አይቀናም» ያለው በግሪኩ ያንኑ ግስ ተጠቅሞ ነው፣ ያዕቆብም በመልእክቱ ክፉውን ለመለየት «መራራ ቅንዓት» ብሎ መራራ የሚል መጨመር አስፈልጎታል፣ ቃሉ ብቻውን ገና መራራ ስላልነበረ።

የኔ እምነት፣ ጎንደር ላይ ይሄንን ቅንዓት በዓይን ማየት የፈለገ ጥር 10 ከሰዓት ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ የምንጣፍ ልጆቹን ይይ። ቀይ ምንጣፉን ከፊት ይዘረጋሉ፣ ካህናቱ ካለፉበት ከኋላ እየጠቀለሉ በትከሻቸው ተሸክመው በሰው መሀል እየሮጡ ደግመው ከፊት ያነጥፋሉ፣ ላባቸው ባቧራው ላይ ጭቃ ሆኖ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሰው ምንጣፉን ሊረግጥ ሲል ደሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይከላከላሉ። ማንም አይከፍላቸውም። መምህር ቢጠየቅ «የቤትህ ቅንዓት በልቶኛልና» ያለውን ከዚህ በላይ በምን ያስረዳል?

ስለ ሐዋርያው ስምዖንም አንድ ነገር ልበልሽ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ሉቃስ «ቀናተኛ የሚባለው ስምዖን» ይለዋል፣ ማቴዎስ ደሞ «ቀነናዊው ስምዖን»። ቀነናዊ የሚለውን ከቃና ዘገሊላ ጋር የሚያያይዙት አሉ፣ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቀናኢ ከሚለው የአራማይክ ቃል የመጣ ነው ይላሉ፣ ያም የኛው ቀ ነ አ ነው። እንግዲህ ሉቃስ ትርጉሙን ጻፈልን፣ ማቴዎስ ድምፁን አስቀረልን ማለት ነው።

ቅንዓት ሁሉ ግን ስሙ ስላማረ ጥሩ ነው ማለት አደለም። ጳውሎስ ሮሜ 10 ላይ ለእግዚአብሔር ይቀናሉ ግን በእውቀት አይደለም ብሎ ያዘነላቸው ሰዎች አሉ። የኛ ከተማም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የካቶሊኩም የተዋሕዶውም ወገን ቀናኢ ነኝ እያለ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ፋሲል ነግሦ ተዋሕዶ ከተመለሰች በኋላ ነው እሱ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርጎ የቆረቆራት። ይሄንን ያነሳሁት ቅንዓት ኃይል ስለሆነ ነው፣ ኃይል ደሞ ወዴት እንደሚሄድ መታየት አለበት።

ወደ ጓደኛሽ ልመለስ። አንቺ የተሰማሽ «እኔም እንዳንቺ በሆንኩ፣ ያንቺ ግን አይጉደል» ነው። ይሄ ጥንት ተለይቶ የታወቀ ስሜት ነው፣ አርስቶትል በንግግር ጥበብ መጽሐፉ ላይ ሰው ጥሩ ነገር አይቶ እኔም ላግኝ ብሎ ራሱን የሚያነሳሳበትን ዜሎስ ይለዋል፣ ጎረቤቱ እንዲያጣ የሚመኝበትን ደሞ ፍቶኖስ ብሎ በሌላ ስም ይጠራዋል፣ የመጀመሪያውን የጨዋ፣ ሁለተኛውን የወራዳ ሰው ስሜት አድርጎ ነው የሚያየው። ዐረቦቹም ይሄንን መልካሙን «ጚብጣ» ብለው ከሐሰድ ይለዩታል። እኛስ ብትይ፣ ለክፉው እኮ ጥሩ ቃል አለን፣ «ምቀኝነት»! ምቀኛ የሚባለው አንቺ ያለሽን የሚፈልግ ብቻ ሳይሆን አንቺ እንድታጪው የሚፈልግ ነው። ለመልካሙ ግን የራሱ ስም የሌለው ስለሆነ ነው ወጣቶቹ «መንፈሳዊ ቅናት» ብለው ከቤተ ክርስቲያን ቃል የተዋሱለት፣ ደስ የሚል ብልሃት ነው፣ እኔ አልቃወመውም። ካክስትሽ ዕድሜ ሰው ፊት ግን «እኔንም ያድርሰኝ» ወይም «የኔንም እንዳንቺ ያድርግልኝ» በይ፣ ያው ስሜት ነው፣ ምርቃትም ነው፣ ቅር የሚለው የለም። ለጓደኛሽ ደሞ ደውለሽ ይሄንን ንገሪያት፣ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽው አትቆዪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ሁሉም ሰው «ፓሽንህን ተከተል» ይለኛል፣ አባቴ ደሞ «ፓሽን ፓሽን የምትለው ምንድነው፣ በአማርኛ ተናገር» ይለኛል። እውነት ግን አማርኛ የለውም? ደሞ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ስለሆንኩ «ፋን» የሚለውም ከየት እንደመጣ ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ቃሉን ሲሰማ ባይደነቅ አይገርምም፣ ምክንያቱም ፓሽን በመጀመሪያ ትርጉሙ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው፣ ሕማም። ላቲኑ «ፓሲዮ» መከራ መቀበል ማለት ነው፣ እንግሊዝኛም ላይ መጀመሪያ የገባው የክርስቶስን ሕማማት ለመጥራት ነው፣ ቆይቶ ነው ወደ ብርቱ ስሜት፣ ከዛም ወደ ፍቅርና ወደ ሙያ ፍላጎት የተዛወረው። ሐኪም ቤት «ፔሸንት» የሚባለው ታካሚም ከዚሁ ሥር ነው። አሁን አማርኛው ምን እንደሚል አስብ፣ ሰፈርህ ውስጥ ኳስ ካልሆነ ሌላ ወሬ የሌለውን ልጅ ምን ትሉታላችሁ? «የኳስ በሽተኛ» አይደል? «መኪና በሽታው ነው»፣ «ለዘፈን ያበደ ነው» አይደል የምትሉት? ማንም ላቲን ሳያስተምረን ነው ይሄንን ያገኘነው። ስለዚህ አባትህ ፊት «ሥዕል በሽታዬ ነው» ብትለው ወዲያው ይገባዋል፣ ከፓሽንም ይበልጥ ጠንከር ይላል።

«ፋን» ደሞ «ፋናቲክ» (አክራሪ) የሚለው ተቆርጦ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በቤዝቦል ተመልካቾች ላይ ነው የተለመደው። ፋናቲክ ራሱ ግን ከላቲኑ «ፋኑም» ነው የመጣው፣ ትርጉሙ ቤተ መቅደስ! መቅደስ ውስጥ መንፈስ ያደረበት ሰው ማለት ነበር። «ኢንቱዚያዝም» (የጋለ ስሜት) የሚባለውም ግሪክ ነው፣ «ኤንቴኦስ» አምላክ በውስጡ ያለበት፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር መንፈስ ተናገረኝ የሚለውን ሰው መስደቢያ ነበር፣ ዛሬ ደሞ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ይፈለጋል። እንግዲህ አራቱንም ደርድረህ እያቸው፣ ቅንዓት የቤትህ ቅንዓት ነው፣ ፓሽን ሕማማት ነው፣ ፋን የመቅደስ ሰው ነው፣ ኢንቱዚያዝም አምላክ ያደረበት ነው፣ ሁሉም በአምልኮ ቦታ ያለፉ ናቸው። ሰው ለሚወደው ነገር እንደዚህ መንደዱን መጀመሪያ ያየው እዛ ስለሆነ ስሙንም ከዛ ወሰደ ብዬ ነው የማስበው፣ ስታዲየሙ በኋላ የመጣ ነው።

እኛ «ደጋፊ» ነው ያልነው፣ ያዘመመውን የሚደግፍ፣ እንዳይወድቅ የሚይዝ። እኔ ከፋን ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ። በ2013 ዓ.ም. ዐፄዎቹ ፕሪምየር ሊጉን ሲያነሱ ዋንጫው ደስ አሰኝቶናል፣ ግን ቡድኑ ተሸንፎ በመጣበት ቀንም ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ስታዲየም የሚገባው ልጅ ነው ደጋፊ የሚለው ስም በደንብ የሚገባው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረተኛ አባት ነኝ፣ አራዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ «ለሥራው ከፍተኛ ቅናት አለኝ» ብላ አየሁና ደነገጥኩ። ስጠይቃት እሷ «ቅንዓት ማለት ትጋት ነው» አለችኝ። ልክ ናት? አጻጻፉስ ቅናት ነው፣ ቅንአት ነው ወይስ ቅንዓት?

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ትርጉሙን ስታውቅ ልክ ናት፣ ማመልከቻ ላይ ግን እንዳትጽፈው፣ ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው ቅናት የሚለውን ሲያይ በመጀመሪያ የሚመጣበት የርስዎ ድንጋጤ ነው። አጻጻፉን በተመለከተ በግዕዙ በ አ ነው፣ ቅንአት፣ በታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን በ ዓ ቅንዓት የሚለውን ያገኙታል፣ አልፎ አልፎ ደሞ ለመልካሙም «ቅናት» ብሎ ይጽፈዋል። እኔ ለመልካሙ ቅንዓት፣ ለሌላው ቅናት እያልኩ ለይቼ እጽፋለሁ፣ አንባቢን ይረዳል ብዬ ነው።

ሌሎቹ ቃሎችም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ወኔ» የጀግና ነው፣ ሽለላና ፉከራ ሲሰማ ብድግ የሚል፣ ለአደጋና ለትግል እንጂ ለሒሳብ ሠራተኛ ማመልከቻ አይሆንም። «እልህ» ሰው ሲነካው የሚመጣ ነው፣ የናቀኝን ላሳየው የሚል፣ ብዙ ሰው በእልህ ተምሯል፣ ግን ቀጣሪ በእልህ የሚሠራ ሰው ሲባል ማንን ልታሳይ ነው ብሎ ይጠይቃል። «ጉጉት» ገና ያልደረሰውን መጠበቅ ነው። «ሞራል» ደሞ ሌላው የሚሰጥህ ነው፣ ሞራል ስጡት ሲባል እጃችንን እናጨበጭባለን፣ ከራስ የሚነሳውን አይናገርም። «ቀናኢ» የሚለው ግን ደብዳቤ ላይ ያምራል፣ ክብር አለው፣ ማንም በክፉ አያነበውም።

ስለዚህ ልጅዎ «ለሙያዬ ቀናኢ ነኝ» ብላ ትጻፍ፣ ይከብዳል ካለች «ሥራውን እወደዋለሁ፣ በትጋትም እሠራለሁ» ትበል። ከዚህ ቀጥላ ደሞ ማንም ሳያዛት የሠራችውን አንድ ነገር በአንድ መስመር ታስገባበት፣ የሰፈር ልጆችን በነጻ አስጠንታ ከሆነ፣ የእድር መዝገብ አስተካክላ ከሆነ፣ ያንን ስሙንና ዓመቱን ጠቅሳ ትጻፈው። አንብበው ሲጨርሱም እርስዎ ራስዎ የፊደል ግድፈቱን ቢያዩላት ጥሩ ነው።